አስራ ሁለተኛዋ መቆንጠጫ

ሬሳው ገና ከመሬት ሳይነሳ ጥፋተኛው ተገኝቷል ተባለ። እንዴት ያናድዳል! ሰው ሞቶ፣ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ሳይደርቅ፣ ከለቅሶው በፊት «በማን ላይ እናሳብበው?» ነው የተባለው።

የሞተው ጋሼ ነው። በዚያች ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ጋሼ ከተባለ እሱ ብቻ ነው፤ ትልቁ አስተማሪ፣ ስድሳ አራት ዓመቱ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ተማሪ ሲሳሳት አይጮህም፤ «ድገመው» ነው የሚለው። አስሬም ከሆነ አስሬ። «ድገመው» የሰለቸው ሰው ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹም ፈልገዋል።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥር የተጻፈባትን አውሮፕላን ከማቆሚያው ሀንጋር ሊያወጣ ሄደ። አውሮፕላን ሲጎተት መጎተቻው ብረት የሚገባው ከፊተኛው ጎማ ላይ ነው፤ ከፊት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ወደታች ከቆመ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው በእጁ ገፋ አደረገው። ሞተሩ አይሰራም፣ ቁልፉ ወጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጧል፣ በመስታወቱ ይታያል። ግን ሞተሩ ተነሳ። አንድ ዙር ብቻ። አንድ ዙር በቂ ነበር።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ጋሼ በአንሶላ ተሸፍኗል፣ የአደጋው ቅጽም ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃታል። አጠር ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥርቅም አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል፤ ባልደረቦቿ ስታንሾካሹክ ከሰሙ ከክፍሉ ይወጣሉ።

«ሁሉንም ሞልቼልሻለሁ እህቴ» አለቻት ማዳም እስኪብርቶ እያቀበለቻት። ማዳም የትምህርት ቤቱ ባለቤት ናት። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው።»

«የኔን ቅጽ አንቺ ሞላሽው?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነዋ!»

«ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«ያው እውነቱን፣ እንደነገሩኝ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያጠፋ ሽቦ አለ አይደል? ወልቋል። እሱ ከወለቀ ቁልፉን ኪስሽ ብትከቺውም ሞተሩ አልጠፋም ማለት ነው፤ ነዳጅ ካገኘ ሲነኩት ይነሳል። ያንን ሞተር ትናንት ፈቶ የገጠመው መካኒኩ ነው። በቃ፣ ቸልተኝነት።»

መካኒኩ ከሀንጋሩ በር አጠገብ የዕቃ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ፖሊስ ቆሟል። ስልኩ በየሁለት ደቂቃው ይጠራል፤ ፖሊሱ ነው የያዘው።

«ማነው የሚደውልልህ?» አለችው መርማሪዋ።

«የሚስቴ እናት። ሚስቴ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የመጀመሪያችን ነው።» እጁን ጉልበቱ መሃል ጨምቆ ያዘ። «አስር ሰዓት ላይ ወጥቼ ሆስፒታል ነው ያደርኩት። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ደውሎ ነው ያመጣኝ። ሽቦውን አጥብቄዋለሁ፤ በእጄ ጎትቼ አይቼዋለሁ። ግን ማን ያምነኛል?»

«አለቃ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምጠብቀው» አለ ፖሊሱ እያፈረ። «ወረቀቱ ከተፈረመ ሰው በቸልተኝነት ገድሏል ተብሎ ይገባል። ላይሰንሱም ያው…»

«ስልኩን ስጠው።»

«እንዴ፣ አይፈቀድም እኮ…»

«ስጠው አልኩህ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። ፖሊሱ ሰጠ።

መርማሪዋ ሦስት ቁጥርን ዞረቻት። ፕሮፔለሩን አልነካችም፣ በመስኮት ብቻ አየች። ቁልፉ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ነዳጅ የሚዘጋው ቀይ እጀታ ወደ ውስጥ ተገፍቷል፣ ማለትም ነዳጁ ክፍት ነው። በግራ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት የእንጨት መቆንጠጫ ተሰክታለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የልብስ መቆንጠጫ ነዋ» አለ ፖሊሱ።

«አውሮፕላን ላይ ልብስ ይሰጣል?»

ፖሊሱ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አይቶ ተወው። መርማሪዋ ከጋሼ ኪስ የተገኙትን ዕቃዎች የያዘውን ላስቲክ ከፈተች። መነጽር፣ እስኪብርቶ፣ መሀረብ፣ እና ከደረት ኪሱ አንድ የእንጨት መቆንጠጫ።

ከጋሼ ሌላ የሀንጋሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ማዳም፣ የራሱን አውሮፕላን እዚያ የሚያቆም የጥርስ ሐኪም፣ እና ወጣቱ አስተማሪ። ሦስቱም ዛሬ ጠዋት ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። መርማሪዋ አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

ዶክተሩ ገና ሳይቀመጥ ማማረር ጀመረ።

«ነፍሱን ይማረው፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሌባ ነበር!»

«ምን ሰረቀዎት ዶክተር?»

«ገንዘቤን! አብራሪ በየሁለት ዓመቱ የማደሻ ስልጠና መውሰድ አለበት፣ የረሳውን እንዲያስታውስ። እሺ። አንድ ሰዓት በረርን እንበል። ሰውየው የሦስት ሰዓት ነው የሚያስከፍለው! ከበረራው በፊት አንድ ሰዓት ያወራል፣ ከበረራው በኋላ አንድ ሰዓት ያወራል። ለወሬ ይከፈላል እንዴ?»

«እርስዎ ጥርስ ነቅለው ሲጨርሱ የሚያስከፍሉት ለነቀሉበት ሰከንድ ነው?»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስልጠናውን ታዲያ ከማን ወሰዱ?»

«ከወጣቱ ልጅ። ፈጣኑ ነው የምንለው። ግማሽ ዋጋ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰው አያንገላታም።»

«ስንት ሰዓት በረሩ?»

«እ… መዝገቡ ላይ አለ።»

«መዝገቡን አልጠየቅኩም።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ። የትም ቦታ መልስ አልተጻፈለትም።

«ሦስት ቁጥር መስኮት ላይ መቆንጠጫ አለ። የምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ እንዴ?»

ማዳም ስትገባ ቁጭ እንኳን አላለችም። «ጋሼ ለትምህርት ቤቱ ዕዳ ነበር» አለች። «ደንበኛ ያባርርብኛል። ሰው ሊያድስ ይመጣል፣ ‹አይ፣ አልደረስክም፣ ድገመው› ይለዋል። የከፈለ ሰው ይወድቃል እንዴ? ሆቴል ገብተሽ፣ ከፍለሽ፣ አስተናጋጁ ‹አልራበሽም› ብሎ ይመልስሻል?»

«ተማሪ ለአስተማሪው ከሚከፍለው ላይ ለጋሼ ስንቱን ትሰጪው ነበር?»

«ሲሶውን።»

«ሲሶውን! ቀሪውንስ?»

«ህንጻ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ጽዳት አለ…»

«አንቺም አብራሪ ነሽ፤ ስልጠናሽን ማን አደሰልሽ?»

«ፈጣኑ። ስራ ይበዛብኛል፣ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነው የፈረመልኝ።»

ይህንን ስትል ሳቅ ብላ ነው። ሳቅ! መርማሪዋ ግን አልሳቀችም። ስለ መቆንጠጫዋ ጠየቀቻት፤ ማዳም ትከሻዋን ነቅንቃ «የጽዳቷ ይሆናል» አለች።

ፈጣኑ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ የሚያምር ፈገግታ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትልቅ አየር መንገድ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶታል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ነገራት።

«ጋሼን ትቀርበው ነበር?»

«ኧረ እኔ! ሰላም ከማለት ውጭ አንድ ቀን አብሬው ቁጭ ብዬ አላውቅም። የድሮ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ የዘመኑ ነኝ። በባህሪ አንገጥምም።»

«ሦስት ቁጥርን ትናንት መጨረሻ ላይ ያበረርካት አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ከተማሪ ጋር፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ከዚያ መካኒኩ ወስዶ ሞተሯን ከፈተው። ከኔ በኋላ ነው የተነካችው።» አንገቱን ነቀነቀ። «ምስኪን ልጅ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ሐሳቡ የት እንዳለ ማን ያውቃል። ይገባኛል እኮ።»

«መስኮቷ ላይ ያለችው መቆንጠጫስ?»

«መቆንጠጫ?» ሳቀ። «እሱንስ እትዬን ጠይቂያት።»

መርማሪዋ እትዬን ጠየቀቻት። እትዬ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ከበሩ ውጭ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው፤ ለቅሶዋም ከቁጣ ጋር ተቀላቅሏል።

«የኔ ልጅ፣ መቆንጠጫዎቹማ የኔ ነበሩ! ከአራት ወር በፊት ገዝቼ፣ ገና ከነላስቲኩ፣ አስራ ሁለቱንም ወሰደብኝ። ‹ጋሼ ምን ሊያደርጉት ነው?› ብለው ‹ሰው ላድንበት ነው› አለኝ። እኔም አበዱ አልኩ። በማግስቱ የሁለት እሽግ ዋጋ ሰጠኝ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ጌታዬን!»

«እትዬ፣ ትናንት የሦስት ቁጥርን መስኮት ማን ወለወለ?»

«ማን አለና! እኔ ነኛ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ወልውዬ ነው የወጣሁት። መካኒኩ ከሄደ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ‹ማርያም ትቅረባት› ብዬ የሸኘሁት ራሴ ነኝ።»

«መስኮቱ ላይ መቆንጠጫ ነበረ?»

«ኧረ አልነበረም! ቢኖር ነቅዬ ኪሴ ነበር የምከተው። የኔን ዕቃ አይቼ አላልፍም እኔ።»

ከዚያ መርማሪዋ የጋሼን መሳቢያ አስከፈተች። አስር የእንጨት መቆንጠጫዎች፣ እና አንድ የተማሪ ደብተር። ደብተሩ ውስጥ ጋሼ በትልልቅ ፊደል የማደሻ ስልጠናውን በሦስት ክፍል ጽፎታል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ደብተሩን ዘግታ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥላ የትምህርት ቤቱን የፊርማ መዝገብ አስመጣች፤ ከጎኑ ደግሞ እያንዳንዱ አውሮፕላን በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሰራ የተጻፈበትን። ጣቷን በአንዱ ላይ እያደረገች በሌላው ትመለከታለች፣ ትገልጣለች፣ እንደገና ትመለከታለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የመካኒኩ ስልክ ጠራ፤ አንስቶ ሰማ፤ «እሺ እማዬ፣ እመጣለሁ በያት» ብሎ ዘጋ። እንደሚመጣ ግን አያውቅም።

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ሜዳው አስወጣቻቸው። ሞተሩ ያልተነሳው አንድ ቁጥር አውሮፕላን በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ማዳም፣ ዶክተሩ፣ ፈጣኑ፣ መካኒኩ ዕቃ ሳጥኑን አስወጥቶ ላዩ ላይ፣ ፖሊሱ ከጎኑ፣ ትንሽ ራቅ ብላ እትዬ።

«ስልክ ልደውል ነው» አለች መርማሪዋ። «የሦስታችሁንም ላይሰንስ ላሳግድ። የማደሻ ስልጠና ወስደናል ብላችሁ ፈርማችኋል፤ እኔ ግን አላምናችሁም። ወስጄያለሁ የሚል ሰው እዚህ ገብቶ ያሳየኝ። ቀላል ነገር ነው። በርራችሁ መጥታችኋል፣ ቆማችኋል፣ ሞተሩ እየሰራ ነው እንበል። አጥፉትና ውረዱ። በትክክል ያሳየኝ ሰው ላይሰንሱ አይነካም።»

«ይሄ ከሬሳው ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለች ማዳም።

«ግቢ።»

ማዳም ገባች፣ ቁልፉን አዞረች፣ አወጣች፣ ወረደች። «ይኸው! መኪና ማጥፋት እኮ ነው።»

«ቀዩ እጀታስ?»

«የቱ ቀይ?»

የዶክተሩ ተራ ደረሰ። በላብ ተጠመቀ። ቀዩን እጀታ ጎተተ፣ መልሶ ገፋው፣ የመብራቱን ነካ፣ ቁልፉን ፈለገ፤ ቁልፉ ከፊቱ ነው። «ደንግጬ ነው» አለ። «ቤቴ ብሆን…»

«አውሮፕላን ቤትዎ ያጠፋሉ?» አለች እትዬ ከሩቅ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ፈጣኑ የመጨረሻው ነበር። ወደ መቀመጫው ሲገባ እንኳን ያስቀናል፤ እግሩ፣ እጁ፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የአየር መንገዱ ቃለ መጠይቅ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያለ ላይሰንስ ቀረ ማለት ነው። ጀመረ።

ቁልፉን ለቅጽበት ወደ ማጥፊያው አዙሮ መለሰው፣ ጆሮውን አዘነበለ። ቀዩን እጀታ እስከ መጨረሻው ጎተተ። ቁልፉን አዞረ፣ አወጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ኪሱ ባዶ ነው። እጁ ግን አላቆመም፤ ሁለት ጣቱን ቆንጠጥ አድርጎ ወደ ግራው ትንሽ መስኮት ተዘረጋና እዚያው ቀጥ አለ።



«ጎበዝ» አለች መርማሪዋ። ድምጿ ለመስማት የሚያስቸግር ሆኗል። «ሁሉም ትክክል ነው። እጅህ መጨረሻ ላይ ወዴት እየሄደ ነበር?»

«መስኮት… መስኮቱን ልዘጋ።»

«ከኪስህ ውስጥ ነው መስኮት የምትዘጋው?»

ፈጣኑ ከአውሮፕላኑ ወረደ። ፈገግታው ፊቱ ላይ አለ፣ ግን የረሳው ነገር ይመስላል።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ ደብተሩን እያወጣች። «ጋሼ እዚህ ጽፎታል። ቁልፍ ዳሽቦርድ ላይ ማየት አይበቃም፤ ሽቦው ወልቆ ከሆነ ቁልፉ ይዋሻል። ስለዚህ ከማጥፋትህ በፊት ቁልፉን ለቅጽበት ታጠፋለህ። ሞተሩ ከሞተ ሽቦው ደህና ነው፤ ካልሞተ ፕሮፔለሩን ማንም እንዳይነካ ለመካኒክ ትነግራለህ። ደህና መሆኑን በጆሮህ ከሰማህ ብቻ መቆንጠጫህን መስኮቱ ላይ ትሰካለህ። መቆንጠጫ ከሌለ ፕሮፔለር አይነካም። የስልጠናው የመጨረሻው ክፍል ይሄ ነው። ሦስቱንም ክፍል ለጨረሰ ሰው ጋሼ አንድ መቆንጠጫ ይሰጠዋል።»

እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሰው ላድንበት ነው ያለኝ…»

«አዎ እትዬ። አስራ ሁለት ነበሩ። አስሩ መሳቢያው ውስጥ ናቸው፣ አንዱ፣ የራሱ፣ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። አንዱ ሦስት ቁጥር ላይ ነው። በአራት ወር ውስጥ ጋሼ ስልጠናውን በሙሉ ያስጨረሰው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ! ስንት ሰው በሚበርበት ሜዳ!»

«እና ምን ይሁን?» አለ ዶክተሩ።

«ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ቁጥር አልተነሳችም፤ የሰዓት መቁጠሪያዋ አልተንቀሳቀሰም። ሞተሩን ሳያስነሳ ማንም ሊፈትሸው አይችልም። ስለዚህ መቆንጠጫዋን የሰካት ሰው እየዋሸ ነው የሰካት። መካኒኩ አይደለም፤ እሱ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሆስፒታል ነው። ሽቦውን እሱ ረስቶት ቢሆን ኖሮ ደግሞ መስኮቱ ላይ ምንም አይኖርም ነበር፣ ጋሼም ፕሮፔለሩን አይነካም ነበር። ጋሼን የገደለው የወለቀ ሽቦ ብቻ አይደለም። ‹ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው› ያለው ሰው ነው። የራሱ ተማሪ!»

ወደ ማዳምና ወደ ዶክተሩ ዞረች። «እናንተ አይደላችሁም። ግን እንዳትኮሩ። እናንተን ነጻ ያወጣችሁ አለማወቃችሁ ነው። አንቺ ቀዩን እጀታ አታውቂውም፣ እርስዎ ከፊትዎ ያለውን ቁልፍ አያገኙትም። እንዲህ ሆናችሁ ነው ሰው ጭናችሁ ከሰው ቤት በላይ የምትበሩት!»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት» አለ ፈጣኑ። «መፈተሹን ማንም ያውቃል።»

«መፈተሹን ልትል ትችላለህ። መቆንጠጫውን ግን የትኛው መጽሐፍ ላይ አነበብከው? ጠዋት ‹እትዬን ጠይቂያት› ብለህ ሳቅክብኝ። ከጋሼ ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም አልከኝ። እጅህ ግን ቁጭ ብሏል፤ ሃምሳ ጊዜ ደግሞታል።»

የፊርማ መዝገቡን ከፈተች። «ሠላሳ አራት ሰው። አንተ የፈረምክላቸው። በፈረምክባቸው ቀናት አንድም አውሮፕላን አልተነሳም። ሃያ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ከሁለት ወር በፊት ሞተሩ አየር ላይ ሲቆምበት ምን እንደሚያደርግ ረስቶ የወደቀው፣ የሁለት ልጆች አባት። ያኔም በመካኒክ ነው የተሳበበው። በፊተኛው መካኒክ። ማዳም፣ አባረርሽው አይደል?»

ማዳም ፊቷን አዞረች። መካኒኩ ግን ከዕቃ ሳጥኑ ላይ ተነሳ፤ ፖሊሱ ሊይዘው አልሞከረም።

«አስተምሮኝ ነበር!» ፈጣኑ ድንገት ጮኸ። «አዎ አስተምሮኛል! ሦስት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ። ሙሉ ዋጋ አስከፍሎኝ! አስተማሪ ሆኜ እንደ ጀማሪ ድገመው፣ ድገመው! ከመሪው ስር አስገብቶኝ ያንን የተረገመ ሽቦ በእጄ አስነካኝ፣ ‹ሕይወት እዚህች ላይ ነው ያለችው› ብሎ። ስጨርስ ፊርማ ጠየቅኩት። ምን አለኝ? ‹አሁን አወቅክ። ስለዚህ የሠላሳ አራቱን ስም ራስህ ጽፈህ አስገባ። እስከ ረቡዕ። ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ።› ከፍዬው! ከፍዬው እኮ ነው!»

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ሥራዬን ነው የጠየቀኝ! ሕይወቴን!»

«ራስህ እንድትናገር ዕድል ነው የሰጠህ። አንተ ደግሞ ዛሬ ንጋት ላይ ገብተህ ያሳየህን ሽቦ ፈታህ፣ ነዳጁን ከፈትክ፣ የሰጠህን መቆንጠጫ ሰክተህ እዚያ ቢሮ ሻይ እየጠጣህ ጠበቅከው።» ቀረበችው፤ አገጩ ድረስ ነው የምትደርሰው። «እዚህ ሜዳ ላይ ሁሉም የአስተማሪ ክፍያ በዛ ይላል። ሁሉም በግማሽ ዋጋ ምንም አልገዛም። የከፈለውን ያህል የተማረ አንተ ብቻ ነህ። አንዲት ነገር አልረሳህም። በተማርከው ነው የገደልከው።»

ፈጣኑ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው፤ ለጋሼ ግን አልነበረም፣ ለራሱ ነበር። ፖሊሱ ከመካኒኩ አጠገብ ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ።

መርማሪዋ በማዳም የተሞላውን ቅጽ አራት ቦታ ቀደደችው፣ ማዳምን አስያዘቻት። «መዝገቦቹን በሙሉ እወስዳለሁ። የሠላሳ ሦስቱን በሕይወት ያሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር ታመጪልኛለሽ። ዛሬ።»

እትዬ መካኒኩን በጀርባው ገፋችው። «ምን ትገተራለህ? ሂድ እንጂ! ሚስትህ ብቻዋን ናት!»

መካኒኩ የዕቃ ሳጥኑን ቆለፈ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሳተው። ማዳም ወደ እሱ ጠጋ አለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብሎ ያሰበ ካለ ማዳምን አያውቃትም።

«ስማ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ደንበኞች አሉኝ» አለችው በዝግታ። «ሁለቱ አውሮፕላኖች ደህና ናቸው አይደል?»

መካኒኩ ቀና ብሎ አያት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰድቡት፣ ሲጠቁሙበት፣ ሲያዝኑለት ዝም ያለው ሰው አሁንም አልጮኸም።

«አውሮፕላኖቹ ደህና ናቸው ማዳም» አላት። «የሚያበርራቸው ሰው ነው የሌለው።»

ስልኩ ጠራ። አነሳው፣ ከእልልታ መሃል አንድ ቃል ሰማ፣ ዕቃ ሳጥኑን እዚያው ጥሎ ወደ መንገዱ ሮጠ።